የጎረቤት ድመትና የቆመ መኪና

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል፥ በተማሪዎች የንግግር ክበብ ስብሰባ ላይ ከ12ኛ ክፍል በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁለቱ ጓደኞቼ አንዱ ስለ ሀገር እድገት፥ ሁለተኛው ስለ ወጣቶች ኀላፊነት በሰፊው አስረድተዋል። እኔ ግን ያን ከፍ ያለ ነገር ለእነርሱ ትቼ ስለ ድመት ልናገር ተነሥቻለሁ። አትሳቁብኝ አልልም፤ የንግግሬን ርእስ ለክበቡ ጸሐፊ በሰጠሁት ጊዜ እርሱም ስቋል። ዳሩ ግን በዚህ ዓመት በሰፈራችን አንድ ግንብ ብቻ የሚለያያቸው ሁለት ቤተ ሰቦች በአንዲት ድመት ምክንያት ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። ሰው በድንበር፥ በውኃ፥ በአጥር ይጣላል፤ ይህ የታወቀ ስለሆነ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በድመት የተነሣ ጠብ ግን የሚያስቅ ስለሚመስል ማንም አይቀመጥበትም፤ ስለዚህም ሳይታይ ሥር ይሰዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ለብዙ ዓመታት ከደመወዙ እየቆጠበ፥ በመጨረሻም እቁብ ሲደርሰው ጨምሮበት፥ አንዲት ያገለገለች ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ገዛ። በሀገራችን መኪና ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ያለው ሰው ያለውን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን አቧራንም ጭረትንም አይደብቅም።

ከግንቡ ማዶ የሚኖሩት እማማ (በሰፈሩ ሁሉ ዘንድ እማማ ስለሆኑ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም) ልጆቻቸው ወደ ውጭ ሀገር ከሄዱ ወዲህ በቤታቸው ያለችው ሌላ ነፍስ አንዲት ግራጫ ድመት ናት። ይህች ድመት በየማታው ግንቡን ዘላ ትመጣና ከመኪናው ኮፈን ላይ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። ጠዋት አጎቴ ለሥራ ሲወጣ የእግሯን አሻራ ከመስተዋቱ ጀምሮ እስከ ፊት መብራቱ ተሰልፎ ያገኘዋል።

አጎቴ በመጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነገራቸው። እማማም፥ «ልጄ፥ ድመት እኮ አትታሰርም» አሉት። እውነታቸውን ነው። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከመኪናው ላይ አዲስ ጭረት አግኝቶ ነበርና፥ «እንግዲህ መድኃኒቱን እኔ ዐውቃለሁ!» ብሎ ተመለሰ። እማማ የዚህ ቃል ትርጉም ገብቷቸዋል። በየእሑዱ ቡና ሲያፈሉ በግንቡ ላይ ይጠሩን የነበሩት ሴት በዚያ ሳምንት ሳይጠሩን ቀሩ።

መድኃኒት የተባለው በየሱቁ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ነው። ይህን ነገር ሰው ሲያደርገው ስለሰማን እንደ ቀላል አንቁጠረው። መርዝ አድራሻ የለውም። ለድመት ተብሎ ከሥጋ ጋር የተለወሰው ቁራጭ በመጀመሪያ የሚያገኘው ውሻ ይሆናል፥ ዶሮ ይሆናል፥ ወይም ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን ይሆናል። ድመቲቱ ብትበላውም ነገሩ በእርሷ አያልቅም። በቄራ አካባቢና በየቆሻሻ መጣያው የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሣ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈጽመው ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች መደብ ውስጥ ተመዝግቧል፤ በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎችን ከሚፈጁት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የተመረዘ ሬሳ ነው። እነዚህ ወፎች ሲቀሩ ከተማውን ማን እንደሚጠርገው አስቡት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለምን በሕግ አይጠይቃቸውም?» ብለውኛል። ሕጉንም አይቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን። ይሁን እንጂ ጥቂት ወረድ ብሎ በቁጥር 2074 ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ በቀር የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኀላፊነት ሊድን እንደሚችል ይፈቅዳል። እንግዲህ አጎቴ ከስሶ ቢረታ፥ እማማ «እንኪያስ ድመቲቱን ውሰዳት» ሊሉት ይችላሉ ማለት ነው! ይህን ባነበብኩለት ጊዜ አጎቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እኔም በሁለቱ መካከል የተላክሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሽማግሌ ለመሆን ዕድሜዬ እንደማይፈቅድ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ተማሪ የሆነ ልጅ ለመጠየቅና ለመመርመር ወደ ሁለቱም ቤት ቢገባ የሚከለክለው የለም። ወደ እማማ ሄጄ ስለ መኪናው አንድም ቃል ሳልናገር ስለ ድመቲቱ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፥ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለችዎት?»

«አይጥ እህሌን የጨረሰ ጊዜ ነው ያመጣኋት ልጄ። ጤፉን፥ ሽሮውን፥ ጆንያውን ሳይቀር! አሁን እግዚአብሔር ይመስገን አንድ አይጥ አላይም።»

«ማታስ የት ትተኛለች?»

«ድሮ ማድ ቤት ነበር። ዘንድሮ ልጆቼ በላኩልኝ ገንዘብ ማድ ቤቱን በር አስገጠምሁለትና ማታ ማታ ይዘጋል። ብርድ ነው መሰለኝ የሚያዞራት።»

ከዚህ ንግግር ሁለት ነገሮች አገኘሁ። አንደኛው፥ ድመቲቱ ወደ እኛ የመጣችው የቆየ መኝታዋ ስለ ተዘጋባት ነው። ሁለተኛውን አጎቴም እማማም አላሰቡትም ነበር፤ አይጥ ከእህል ሌላ የመኪና ሽቦም ይበላል። ሞቃትና ጨለማ ስለሆነ በሞተሩ ውስጥ ይገባና የሽቦውን ልባስ ያኝካል፤ የዚህም ጥገና ከቀለም ጭረት ይልቅ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ያቺ ድመት የመኪናው ጠላት ብቻ ናት ለማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ድመት ተፈጥሮ ልምጣ። የቤት ድመት ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ዘር የተገኘች ናት፤ ያ ዘር ዛሬም በሀገራችን ዱር ውስጥ አለ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር አብራ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ድመት መገኘቷን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አስታውቀዋል። ሰው እህል ማጠራቀም ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ተከተለች። በሬና ፈረስን ሰው አስገድዶ ለሥራ አሠለጠናቸው፤ ድመት ግን ጥቅሟን አይታ በራሷ እግር የመጣች ስለሆነች እስከ ዛሬ ድረስ ትእዛዝ የምትቀበለው ሲመቻት ነው። ወገኖቻችንም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲሉ ይህን ተገንዝበው ይመስለኛል። ድመትን በቁጣ ለማስተማር የሚሞክር ሰው ድካሙን ይቁጠር።

እንግዲህ ከመኪና ላይ ምን ትፈልጋለች? ከሁሉ በፊት ሙቀት ነው። የድመት ሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። ሰውነቷን ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ ሳትደክም የምትኖርበት የአየር ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ከሥራ የተመለሰ መኪና ኮፈኑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ሰዓት ሞቅ ብሎ ስለሚቆይ፥ ለድመት ምድጃ ማለት ነው። (በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ መኪናዎች ኮፈናቸው እንዲህ አይሞቅም። ከተማው በእነርሱ ሲሞላ ድመቶች ምን እንደሚውጣቸው እንጃ!) ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው፤ ድመት ውሻ ሊደርስባት የማይችልበት፥ እርሷ ግን ሁሉን የምታይበት ቦታ ላይ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሦስተኛው ሽታ ነው። በጉንጯና በመዳፏ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች ስላሏት አንድ ጊዜ የተኛችበትንና የታከከችበትን ቦታ «የእኔ» ብላ ምልክት ታደርግበታለች፤ በማግሥቱም ያ ሽታ ይጠራታል።

ይህን ሳያስቡ ሰዎች የሚያደርጓቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ አንዳንድ ምክር ስለሰጡን የሰማሁትን ሁሉ መዝግቤአለሁ፤ ከእነርሱም አብዛኛው ጭካኔ ወይም ጉዳት ያለበት ነው።

አንዱ ሚጥሚጣ በኮፈኑ ላይ በትኑበት አለን። ሚጥሚጣ ከመዳፏ ይጣበቃል፤ ድመት ደግሞ ሰውነቷን ሁሉ በምላሷ የምታጸዳ እንስሳ ናት፤ ስለዚህ ከመዳፏ ወደ አፏና ወደ ዓይኗ ይገባል። በዚህም ላይ ነፋስ ሲነሣ ዓይኑ የሚቃጠለው ባለመኪናው ነው! ሌላው ላምባ ቀቡት አለ፤ ላምባ የእንስሳውን ቆዳ ያቃጥላል፥ ሲላስም ይመርዛል፥ ቀለሙንም አይጠቅምም። ለልብስ ብል የሚቀመጠው ናፍታሊንም ለድመት መርዝ ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡት የባሕር ዛፍና የሎሚ ዘይቶች «የተፈጥሮ» ስለተባሉ ብዙዎችን ያታልላሉ፤ ነገር ግን የድመት ጉበት እንደ ሰው ጉበት እነዚህን ነገሮች ለማጥፋት ስለማይችል በሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማሉ።

ከዚሁ ጋር፥ ማንም አስቦ የማያደርገው ግን ብዙ ድመት የሚገድል ነገር አለ፤ ይኸውም ከራዲያተር የሚንጠባጠበው ቀለም ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ብዙው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት። አንዲት ድመት በዚያ ላይ ረግጣ መዳፏን ብትልስ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉ ኩላሊቷን አጥፍቶ ሊገድላት ይበቃል። መኪናው የሚያፈስ ከሆነ ማስጠገን፥ የፈሰሰውንም በአፈር ሸፍኖ መጥረግና በውኃ ማጠብ ይገባል። የአጎቴ መኪና አታፈስም ነበር፤ ሆኖም ከሥሯ ካርቶን አንጥፈን አንድ ሌሊት ጠብቀን አረጋግጠናል።

ድመቲቱን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሰፈር መጣልም ከተመከሩት አንዱ ነበር። ይህን የመከሩን ሰው በጣም የማከብራቸው ናቸውና ፊት ለፊት አልተቃወምኋቸውም። ነገር ግን የተጣለች ድመት ወይ መንገዱን ፈልጋ ትመለሳለች፥ ወይ በማታውቀው ቦታ በረኀብና በውሻ ትሞታለች፤ ባዶ የቀረውንም ቦታ ሌላ ድመት ይይዘዋል። ከዚያ ከአዲሱ ጋር ጠብ እንደገና መጀመር ነው። በእጅ ለመያዝ መሞከሩም ራሱ አደገኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል፤ የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ሳይውል ሳያድር በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብና ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ አለበት።

ስለ መሣሪያዎቹም ጠይቄአለሁ። ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በውጭ ሀገር ይሸጣል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ የሚደርስ ንዝረት ሲሰማ የድመት ጆሮ እስከ 85 ሺህ ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ ሐሳቡ መሠረት አለው። ዳሩ ግን አንዳንዷ ድመት ትለምደዋለች፥ የሰፈሩም ውሾች ይሰሙታል። እንስሳ ሲያልፍ ውኃ የሚረጨው ደግሞ ጥሩ ነው ይባላል፤ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ግን ለሰው ያልበቃውን ለድመት መርጨት አያምርም።

አሁን እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ጭረቱን መረመርን። አጎቴ ጭረት ሁሉ የድመቲቱ ነው ይል ነበር። ፀሐይ ጎን ለጎን በምትመታበት ጊዜ፥ በጠዋት፥ የኮፈኑን ቀለም ዝቅ ብዬ ተመለከትሁ። ሁለት ዓይነት ጭረት ነበረበት። በጠርዙ ላይ፥ ድመቲቱ ከግንቡ ዘላ በምታርፍበት በኩል፥ ሦስት አራት ሆነው ጎን ለጎን የተሰመሩ አጫጭር ጭረቶች አሉ፤ እነዚህ በእርግጥ የጥፍር ናቸው። የቀረው ግን፥ ያውም እጅግ የሚበዛው፥ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ እየሠራ ኮፈኑን፥ በሮቹን፥ ጣራውን ሁሉ የሸፈነ ቀጭን ጭረት ነው። ድመት በጣራው መካከል ክብ እየሠራች አትቧጭርም። ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፤ የምታወጣው ሲያንሸራትታት ወይም ስትዘል ነው።

ታዲያ ክቡን የሠራው ማን ነው? በየጠዋቱ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውለው እጅ ነው። በቀለሙ ላይ ያለው ጥርት ያለ ልባስ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ክፍል ገደማ ነው። የመንገድ አቧራ ከድንጋይ የተፈጨ ስለሆነ ከድመት ጥፍርም ከልባሱም ይጠነክራል፤ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አጎቴ የድመቲቱን አሻራ ባየ ቁጥር በንዴት ጠንክሮ ይወለውል ነበርና፥ አሻራውን ሲያጠፋ ጭረቱን ያበዛ ነበር። ይህን ስነግረው ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያም ጨርቁን አንሥቶ ተመለከተውና ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቧራው በመጀመሪያ በአንድ ጣሳ ውኃ እየፈሰሰበት ይለቃል፥ ቀጥሎ በሳሙና ውኃ በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። በዚህም የድመቲቱ ሽታ አብሮ ይሄዳል፤ ከላይ እንደተናገርሁት ሽታው ከተወገደ ጥሪውም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ሥራ በእማማ ግቢ የተሠራ ነው። አንድ አሮጌ የቲማቲም ሣጥን አግኝተን ክዳን ሠራንለት፤ በላዩ ፕላስቲክ ወጠርንበት፤ በፊቱ አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ተውንለት። ውስጡን በጤፍ ጭድ ሞላነው። እማማ አሮጌ ጋቢ ሊሰጡን ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ጨርቅ እርጥበት ይዞ ሲቀዘቅዝ ጭድ ግን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ጭዱ ይሻላል። ሣጥኑን በማገዶ ቤቱ ጣራ ላይ፥ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን አሰርነው፤ እንዲህ ሲሆን ከፍታም፥ የጠዋት ፀሐይም፥ ማንም ከኋላ የማይመጣበት ግንብም አገኘች። በብርዱ ወራት እማማ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተው፥ በጨርቅ ጠቅልለው፥ ማታ ማታ ከጭዱ ውስጥ ይከቱላታል።

ከሁሉ የሠራው ግን ሰዓቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አጎቴ ከሥራ የሚመለሰው ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ኮፈኑ ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ ሞተሩ ሳይበርድ ደግሞ ሽፋን ማልበስ አይገባም። ስለዚህ እማማ የድመቲቱን ራት ቀድሞ ከሚሰጡበት ጊዜ አዛውረው፥ የግቢያችን በር ሲከፈት በሰሙ ጊዜ ከሣጥኑ አጠገብ እንዲያስቀምጡላት ለመንኋቸው። ድመት ከጠገበች በኋላ ወዲያው መኝታ ትፈልጋለች፤ መኝታው ደግሞ ከአፍንጫዋ ሥር አለ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሞተሩ ሲበርድ አጎቴ የመኪናውን ልብስ ያለብሳል። ልብሱ ከመርካቶ የተገዛ ሆኖ በውስጥ በኩል ለስላሳ ነው፤ አቧራ ባለበት ቀለም ላይ ከተጎተተ ግን እርሱም ይጭራልና አስቀድሞ ይራገፋል፥ ከሥሩም በገመድ ይታሰራል። በኮፈኑ በኩል ባለው ልብስ ላይ ጥቂት ባዶ ፌስታል እናሥርበታለን፤ ከእግሯ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ድመት አትወድም፥ ጉዳትም የለውም።

መኪናውንም ከግንቡ ጥቂት ራቅ አድርገን አቆምነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ለማራቅ አልቻልንም፤ ቢሆንም ከግንቡ በአንድ ዝላይ ኮፈኑ ላይ የምታርፍበት መንገድ ተዘጋ። በግንቡ አናት ላይም ጤና አዳም በጣሳ ተክለን ደረደርን። በአውሮፓ የሚኖሩ አትክልተኞች ድመት የጤና አዳምን ዘመድ ሽታ አትወድም ይላሉ፤ የእኛም ድመት በዚያ በኩል መምጣት ቀንሳለች። ምን ያህሉ የጤና አዳሙ፥ ምን ያህሉ የሣጥኑ ሥራ እንደሆነ ለመለየት ግን አልቻልንም። (ጤና አዳም ስትቈርጡ ፈሳሹ ቆዳችሁን ነክቶ ፀሐይ ቢያገኘው ያቃጥላልና እጃችሁን ታጠቡ።) የብርቱካን ልጣጭም ሞክረናል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርቅና ሽታው ይጠፋል፤ ብርቱካንም ውድ ስለሆነ ተውነው። ከዚህ ይልቅ ጤና አዳሙ ለእማማ ቡና ጠቅሟል።

የሆነ ሆኖ ድመቲቱ ፈጽማ ቀርታለች አልላችሁም። በመጀመሪያ አሻራው በየጠዋቱ ይታይ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አልፎ አልፎ ሆነ፤ ያውም አጎቴ አምሽቶ መጥቶ ሰዓቱ ሲዛባ ነው። በክረምት ዝናብ ሲበረታ ከመኪናው ሥር ገብታ እንደምትጠለል አይተናል። ይህኛው ቀለሙን አይነካም፤ ለእርሷ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ብርድ የበዛባት ድመት፥ ይልቁንም ግልገል፥ ከሥር ወጥታ በሞተሩ ውስጥ ልትተኛ ትችላለችና ሞተሩ በድንገት ሲነሣ ቀበቶው ይቆራርጣታል። ስለዚህ መኪና ያላችሁ ወላጆች ጠዋት ከማስነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት፥ ጥቂትም ጠብቁ። እማማም ግልገል እንዳይበዛባቸው ድመቲቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደው ለማስመከን ተስማምተዋል፤ የሚያደርሳቸውም አጎቴ ነው፥ በዚያችው ቪትዝ።

እሑድ እሑድ የሚጠራው የእማማ ቡናም ተመልሷል። አጎቴ ዛሬ በየጠዋቱ ኮፈኑን ሦስት ጊዜ ይመታል። እማማም ከግንቡ ማዶ ሰምተው፥ «እዚህ ናት፥ እዚህ ናት! ሂድ ልጄ፥ በሰላም ግባ» ይሉታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ፥ «ስትመለስ ዳቦ ግዛልኝ» ይጨምሩበታል።